አንዋር ኦርጋኑን ያቆመ ዕለት

ባለፈው ጁሙዓ ከሰሃፋ ወደ ጀሪፍ በሃፍላ እየሄድኩ ነበር። ሃፍላ የምላችሁ ትንሽ አውቶቡስ ነው፤ እዚህ ከተማ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው አንዳንድ ቃል ወደ አማርኛ መመለስ ይታክተዋልና ታገሱኝ። ካርቱም ክፉ ጊዜ አሳልፋ ሰዉ ገና እየተመለሰ ነው፤ እኔም ገዳሪፍ ከርሜ ከገባሁ ብዙ አልቆየሁም። ከሱቁ ግማሹ እንደተዘጋ ነው፣ ግድግዳው ቀለሙን ጥሏል፣ አንዳንዱ መንገድ ላይ ደግሞ የማን ቤት እንደነበር ለማስታወስ ቆም ብሎ ማሰብ ይጠይቃል። ግን የሃፍላ ሾፌሮች እንደ ድሮው መሳደብ ጀምረዋል። ስድባቸውን ስሰማ ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ፣ አሮጊቷ ምን ነካት ብሎ መሰለኝ፣ ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

ሾፌራችን ቆቡን ወደ ኋላ ያዞረ ወጣት ነው። ስልኩን ከማጉያው ጋር አገናኘና አንድ ዘፈን ለቀቀ። መጀመሪያ ደሉካው ብቻ ተሰማ፤ ሴቶች በሰርግ ጭናቸው ላይ አድርገው የሚመቱት የሸክላ ከበሮ ነው። ከዚያ ኦርጋኑ ገባ፤ የወሎ ዜማ የሱዳን ሴቶች የሚጠመጠሙትን ቶብ ለብሶ መጣ። መሃል ላይ ሲደርስ ሙዚቃው ድንገት ጸጥ አለ። ሃፍላው በሙሉ አብሮ ጸጥ አለ። ሾፌሩ እንኳ እጁን ከመሪው ላይ አነሳ፣ አላህ ይቅር ይበለው። ከዚያ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ቆን!» ብሎ ጮኸ፤ ሙዚቃው ተመልሶ ገባ፣ ሳቁም ቀለጠ። ከኋላዬ ሁለት የኛ አገር ልጆች ተቀምጠው ነበር። አንደኛዋ አዲስ መጤ ሳትሆን አትቀርም፣ «ይሄ ዘፈን የማን ነው?» አለች። ጓደኛዋ «የማንም አይደለም፣ ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ የድሮ የሕዝብ ዘፈን ነው። እዚህ በሰርግ ሁሉ ይዘፈናል» ብላ መለሰችላት። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም።

«ባለቤት አለው» አልኳቸው ዞር ብዬ። «ጀሪፍ ነው የሚኖረው። ጉልበቱን ያመዋል እንጂ በሕይወት አለ።»

«ወላሂ ኻልቲ? ማን ነው?» አለችኝ ጓደኛዋ፣ አክስቴ ማለቷ ነው።

«አንዋር፣ የከድጃ ልጅ።»

«አላውቀውም» አለች ልጅቷ፣ እንደማፈር ብላ።

መውረጃዬ ደርሶ ነበርና ወረድኩ። እነሱን መንገድ ላይ ትቼ ብወርድም ነገሩ አብሮኝ ወረደ፤ እነሆ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ለልጅቷ ሳልነግራት የቀረሁትን ነው አሁን የምጽፈው።

መቼም ለማያውቅ ሰው «ቆን» ምን እንደሆነ ማስረዳት አለብኝ። በካርቱም ሰርግ ሙሽራዋ ትጨፍራለች። ወራቱን ሙሉ ስትማረው፣ ስትለማመደው የከረመችው ጭፈራ ነው። ታዲያ ዘፈኑ ሞቅ ባለበት ሰዓት ሳታስጠነቅቅ ራሷን ወደ መሬት ትለቃለች። ሙሽራው ከመውደቋ በፊት ሊይዛት ይገባል። ከያዛት እሰየው፤ ካልያዛት የሷ ወገኖች «ቆን!» ይላሉ፣ ጎል ማለታቸው ነው። በማግስቱ ሰፈሩ የሚያወራው ስለ ምግቡ አይደለም፣ ሙሽራው ስንት እንደገባበት ነው። ድሮ ከበሮ መቺዎቹ ዓይናቸውን ሙሽራዋ ላይ ተክለው ይጠብቁና እሷ ስትወድቅ ያቆማሉ። ዛሬ ግን መጀመሪያ ሙዚቃው ይቆማል፣ ሙሽራዋ ከዚያ ትወድቃለች። ይህን የገለበጠው ሰው አንዋር ነው። ሲገለብጠው ደግሞ እኔ መድረኩ ላይ ቆሜ ነበር፤ የወደቅሁትም እኔ ነኝ።

እኔ ካርቱም የገባሁት በካሴት ዘመን ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ። ማን እንደሚገዛም ያኔ አልጠየቅሁም፤ እኔን የምትገዛኝ የጣኢፏ ሃጃ ሰዕዲያ ነበረች። ጣኢፍ ያኔም የባለጸጋ ሰፈር ነው፣ ሃጃም ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነበራት፤ ከባቲ የመጣሁት ልጅ ምንጣፍ በማሽን ሲጠረግ መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው። ሃጃ ስትቆጣ ሰፈሩ ይሰማታል፣ ቁጣዋ ሳያልቅ ደግሞ ራሷ ትስቃለች። ሳምንቱን ሙሉ በአሮጌ ቀሚስ ስጠርግና ስተኩስ ከርሜ ጁሙዓ ከሰዓት በኋላ የራሴ ሰው እሆናለሁ። የመጀመሪያ ቶቤ የሎሚ ቀለም ነበረው፣ ስስ ሆኖ ዳርና ዳሩ የብር ክር የተጠለፈበት። ሱቅ አል-ዐረቢ በሚባለው ገበያ ከባለ ሱቁ ጋር ስከራከር ውዬ ከወር ደሞዜ ብዙውን ወሰደብኝ። መንገዱን ሁሉ ስቆጭ መጣሁ፤ ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ስቆም ግን ቁጭቱ የት እንደገባ እኔም አላውቅ። ወጣት ነበርኩ፣ ቀጭን ነበርኩ፣ ያምርብኝ ነበር። አሁን ብናገረው ምን አለበት?

ሰሃፋ በጁሙዓ የኛ ነበር። ከመስጊዱ ጥግ እስከ ጎማ ሻጮቹ መደዳ ድረስ ብትሄዱ የወሎ አማርኛ ትሰማላችሁ። ካሴት ሻጩ በሩ ላይ ሁለት ትልልቅ ማጉያ አቁሞ፣ አንዱን የአረብኛ አንዱን የአማርኛ ካደረገ በኋላ ሁለቱ ሲጣሉ እሱ ሻይ ይጠጣል። ከማዶ የሽምብራ ጣዕሚያ ይጠበሳል፤ ከሴቶቹ ቶብ ደግሞ ድልካ ይሸታል፣ ሙሽሮችና ባለትዳሮች ገላቸውን የሚታሹበት በጭስና በሽቶ የተሠራ ሊጥ ነው። ዛሬም ድልካ የተቀባች ሴት ባጠገቤ ስታልፍ ያ ጥግ በዓይኔ ይመጣል። ካሴት ቤቱ የለም። በቦታው አንድ ሰው ጃንጥላ ዘርግቶ የስልክ ቻርጀር ይሸጣል፤ ሰላም ስለው ለምን እንደቆምኩ አይገባውም።

አንዋርን ያወቅሁት በእናቱ በኩል ነው። እትዬ ከድጃ ከኛው አገር መጥታ የጀሪፍ ሰው ያገባች ሴት ናት። ባሏ ጥቁሩ አባይ ዳር ጡብ የሚያቃጥል፣ ዝምተኛና ደግ ሰው ነበር ይላሉ፤ እኔ አልደረስኩበትም። ሲሞት አንዋር ገና ሕፃን ነው። እናቱ ልብስ እያጠበች የወሎ ዘፈን ታዜማለች፣ ጎረቤት ደሉካ ይመታል፤ ልጁ ሁለቱን አንድ ላይ ሲሰማ አደገ። ለሱ ሁለት ሙዚቃ አልነበረም። ኋላ አዋቂ ነን ባዮች «የሁለቱን አገር ዜማ እንዴት አዋሃድከው?» ብለው ሲጠይቁት፣ «መቼ ተለያይተው ያውቃሉ?» ብሎ አፋቸውን ያስይዛቸው ነበር። አማርኛው ግን ጉድ ነው። ሁሉን ይሰማል፣ ሲናገር ወንድና ሴት ይምታቱበታል። «ሉባባ፣ አንተ ቶሎ ግባ፣ ያላ!» ይለኛል፣ እኔም «እሺ እመቤቴ» እለዋለሁ።

ሥራው በሰርግ ኦርጋን መጫወት ነበር። የሰርግ ኦርጋን ተጫዋች ኑሮ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የራሱን ዜማ ይጀምራል፤ ገና ሳይሞቅ የሙሽራው አጎት መጥቶ «ያንን ተወው፣ እገሌን ተጫወት» ይለዋል። ይተወዋል። ሌላ ይጀምራል፤ እራት ቀረበ ተብሎ ይቋረጣል። አንዋር በሆዱ የሠራው ዜማ ሞልቶ ፈስሷል፣ አንዱም ግን እስከ መጨረሻው ተሰምቶ አያውቅም። ይህ ነገር ያንገበግበው ነበር። አንድ ቀን ጀሪፍ እናቱ ግቢ ተቀምጠን «ሉባባ፣ ወላሂ እኔ ሌላ ነገር አልፈልግም። አንድ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይስሙኝ። አንድ ጊዜ!» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ቀልዴን ዋጥኩት።

በዚያ ላይ አጎቱ አለ። የአባቱ ወንድም አሚ በሽር፣ አሚ አጎቴ ማለት ነው፣ ሰሃፋ ጎማ ሻጭ ነበር፤ ሰፊ ትከሻ፣ ነጭ ጀላቢያ፣ ወፍራም ዱላ። ክፉ ሰው አልነበረም። ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ እነ ከድጃን የደገፈ እሱ ነው፣ የወንድሙም ልጅ በሰው ሰርግ ጥግ ለጥግ ሲንከራተት ማየት አልሆነለትም። «ኸላስ፣ ይበቃል። ኦርጋኑን ሸጠህ ሱቅ ግባ» አለው። አንዋር ለመነው። ሙዚቃዊ ቲያትር ልሥራ፣ ለዒድ ሰው ጠርቼ ላሳይ፣ ከዚያ ፍረድ አለው። አሚ በሽር ጢሙን ሲያሻሽ ቆየና ቃሉን ሰጠ፦ «መስረሕ፣ ቲያትር የምትለው፣ ሰው ቁጭ ብሎ የሚሰማው ነገር ነው። ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው ከሰሙህ ሙዚቀኛ ነህ፣ ዳግመኛ አልናገርህም። ትተውህ ከሄዱ ወይም እንደ ለመዱት ሰርግ ካደረጉት ግን ከዒድ ማግስት ሱቅ ነህ።» አንዋር እጁን ሰጥቶ ተስማማ። እናቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ልጇ እንደተሸነፈ ያኔውኑ ታይቷት ነበር።

ቲያትሩን «ሙሽራዋ ከወሎ» አልነው። አንዲት የወሎ ልጅ የካርቱም ሾፌር ትወዳለች፣ የልጁ እናት «የሙሽራ ጭፈራ የማታውቅ ምራት ቤቴ አትገባም» ትላለች፣ ልጅቷ ትማራለች፣ በሰርጓ ቀን ሙሽራውን ጎል በጎል ታደርገዋለች፣ በመጨረሻ ግን ይይዛታል። ያ ብቻ ነው፤ ሳቅና ዘፈን። ሙሽራዋ እኔ ነኝ። ሙሽራው ጀማል የሚባል የኮምቦልቻ ልጅ፣ ቀለም ቀቢ፣ ድምፁ እንደ ማር ሆኖ ሰው ፊት መቆም የሚፈራ። አማቷን ለመጫወት የደፈረ ጠፋ። እትዬ ከድጃ ልብስ እያሰጣች ስታዳምጠን ቆይታ «እኔ እሆናለሁ። ያቺን ሴትዮ አውቃታለሁ፣ አብሬያት ኖሬያለሁ» አለች። የራሷን አማት፣ የአሚ በሽርን እናት ማለቷ ነው። ሴትየዋ ካረፈች ቆይቷል።

ልምምዳችን ጁሙዓ ጁሙዓ ጀሪፍ ነበር፣ የጡቡ ጭስ ከወንዙ ዳር እየመጣ ጉሮሯችንን እያከከን። አንዋር ዜማውን በአፉ ይዞ ይመጣል፣ ጠረጴዛ እየመታ ያሰማኛል፣ ቃሉን እኔ አገባለታለሁ። እሱ አማርኛውን አይችል፣ እኔ ሙዚቃውን አላውቅ፤ ሁለት ጎዶሎ ተቀምጠን አንድ ሙሉ ዘፈን እናወጣ ነበር። የጀማል ዘፈን ላይ እንዲህ ያልኩት ዛሬም ይዘፈናል፦

«አገር ራቀ ብለሽ ምን ያስተክዝሻል፣
ብትወድቂ እኔ አለሁ፣ መሬት የት ያገኝሻል።»

ጭፈራውን ደግሞ ለመድረክ አለዘብነው፤ በሰርግ ቤት የሴቶች ጨዋታ ነውና ወገቡን ቀንሰን የወሎ ትከሻ አስገባንበት። አንዋር ትከሻዬን እያየ ዜማውን ያርመዋል። «እዚህ ጋ አንተ ትከሻህ ቀደመኝ» ይላል፣ ከዚያ ኦርጋኑን ያፈጥነዋል። እንዲህ ዓይነት ደስታ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ሃጃ ቤት ሳህን ሳጥብ እንኳ ውሃው ምት የሚመታ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ገርመሲሱ ልምጣ። ገርመሲስ ሙሽራ የምትከናነበው ቀይና ወርቃማ ጨርቅ ነው። ሃጃ ሰዕዲያ የራሷ የሙሽርነቷ ነበራት፣ ሣጥን ውስጥ በሽቶ ተጠቅልሎ። ዒድ ሲቃረብ ለመንኳት። ቲያትር እንደሆነ፣ ጀማልም ለኔ ምኔም እንዳልሆነ ነገርኳት። ሃጃ ሳቀችና «ስሚ ሉባባ፣ ገርመሲስ ለጨዋታ ከሣጥን አይወጣም። የለበሰችው ዐሩስ ናት፣ ሙሽራ ናት፣ ኸላስ» አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። በዒዱ በሁለተኛው ቀን ድልካዋን ይዛ መጣች፣ ሁለቱን ምራቶቿን ይዛ መጣች፣ ከጣኢፍ ጎረቤቶቿንም በሦስት መኪና አስጭና መጣች፤ ከነደሉካቸው። ገርመሲስ ወጥቷል ከተባለ ለነሱ ሰርግ ነው፣ የምን ቲያትር?

ቦታው ሰሃፋ ውስጥ የኛ ሰዎች ለልቅሶም ለደስታም የሚከራዩት ግቢ ነበር። ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ሰዉ ግጥም ብሎ ሞላ፤ ሴቶቹ በዒድ ቀሚስ፣ በሒና፣ ተረከዙ በሚያንኳኳ ጫማ፣ ወንዶቹ በተተኮሰ ጀላቢያ። አንዋር ማንም እንዳይወጣ በመድረኩ ፊት ገመድ ወጥሯል። አሚ በሽር በር ላይ ዱላውን ተደግፎ ቆመ፤ ወንበር ቢሰጡት እምቢ አለ። የመጀመሪያውን ዘፈን ሰዉ ቁጭ ብሎ ሰማ። አንዋርን ሰረቅ አድርጌ አየሁት፣ ቃሉን አብሮኝ በከንፈሩ ይላል፣ ደስታ ነው። ሁለተኛው የኔ ጭፈራ ነው። በገርመሲሱ ተከናንቤ ወጣሁ፣ ኦርጋኑ ጀመረ፣ ትከሻዬን አንድ ጊዜ ብቻ ነቀነቅሁት። ሃጃ ሰዕዲያ እልል አለች፣ ነገሩም በዚያው አበቃ።

ሱዳን ውስጥ ዘፈን የጣመው ሰው ቁጭ ብሎ አያጨበጭብም። ይነሳና ወደ ዘፋኙ ወይም ወደ ሙሽሮቹ ይሄዳል፣ እጁን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርጎ ጣቱን እያስጮኸ «አብሽር!» ይላል፣ አይዞህ፣ ደስ ይበልህ እንደ ማለት ነው። ትልቅ ክብር ነው። ታዲያ ያንን ክብር ሊሰጡኝ ግቢው በሙሉ ተነሳ። ገመዱ ተበጠሰ። የሃጃ ምራቶች ከነከበሯቸው መድረኩ ላይ ወጡ፣ የሰሃፋ ጎረምሶች ወጡ፣ የኛም ልጆች ጫማቸውን አውልቀው ወጡ። ጀማል ከሕዝቡ መሃል ጠፋ፤ እጁ ብቻ ከሩቅ ይታየኛል። ቀና ስል አሚ በሽርን አየሁት። በሀዘን ራሱን እየነቀነቀ ነበር፣ ሰርግ አደረጉት እያለ።

አንዋር እጁን ከኦርጋኑ ላይ አነሳ። ጉልበቱ ላይ አድርጎ አቀረቀረ። በቃ፣ አለቀ ማለቱ ነበር፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ተሰብሮ አይቼው አላውቅም። ሙዚቃው ሲቋረጥ ግን ያላሰብነው ነገር ሆነ። ሰው ሁሉ በአንዴ ጭጭ አለ። በሰርግ ከበሮ ከቆመ ሙሽራ እየወደቀች ነው፤ ይህን እያንዳንዱ የካርቱም ሰው ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ትንፋሹን ይዞ ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ። እኔ ደግሞ ቆሜያለሁ። ምን ላድርግ? ራሴን ለቀቅሁ። ጀማል የት ይድረስልኝ! በገርመሲሱ እንደተጠቀለልኩ መሬት ላይ ዘጭ አልኩ፤ ግቢው «ቆን!» ሲል የጎማ ሻጮቹ መደዳ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

ከወደቅሁበት ሆኜ አንዋርን አየሁት። ቀና ብሏል። ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ለካ ያ ሁሉ ሰው በእጁ ላይ ነበር፤ እሱ ዝም ሲል ዝም የሚል። በሁለት እጁ ኦርጋኑን ያዘና ጀመረ። ሰዉ ጨፈረ። ከዚያ ሆነ ብሎ አቆመ። ሰዉ ጭጭ አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ እትዬ ከድጃ ወጥታ የአማትየዋን ንግግር ተናገረች፣ አንድም ቃል ሳይጠፋ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። ተናግራ ስትጨርስ ዘፈኑን ለቀቀው። እንዲህ እያደረገ፣ ሲያሻው እያስጨፈረ ሲያሻው እያስደመጠ፣ ቲያትሩን አንድ ባንድ ወሰደው። መድረክ ላይ የወጣው ሕዝብ የሰርጉ እድምተኛ ሆነ። ሃጃ ሰዕዲያ ሳታውቀው ተዋናይ ሆና «ምራትሽን ተቀበያት እንጂ፣ ምን ያቅበጠብጥሻል!» ብላ ከድጃን ገሠጸቻት፣ ከድጃም መለሰችላት፣ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ከጻፍነው ቀልድ ሁሉ ይህ በለጠ።

አንዋር ከዚያ ወዲህ ያልሠራው የለም። በየዒዱ አዲስ ሙዚቃዊ ቲያትር አቀረበ፣ ኡምዱርማን ድረስ ጠሩት፣ ትልልቅ ዘፋኞች ዜማ ስጠን ብለው ጀሪፍ ተመላለሱ። ካሴቱ በሲዲ ተተካ፣ ሲዲውም በስልክ፤ የሱ ዝምታ ግን እያንዳንዱ ዘፈን ውስጥ አለ። ስሙ ከዜማው ላይ እየረገፈ ሄዷል፣ ያም ይቆጨኛል፤ እሱን አይቆጨውም። ባለፈው ሰሞን ስለ ሃፍላው ስነግረው ሌላውን ሁሉ ትቶ «ሾፌሩም ዝም አለ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ አዎ ስለው እንደ ልጅ ሳቀ። እኔ ግን የዚያን ቀን ነገር ገና አልጨረስኩም።

የመጨረሻው ዘፈን ላይ፣ በጽሑፋችን መሠረት፣ እወድቃለሁ፣ ጀማል ይይዘኛል፣ ሰርጉ ይሞቃል። አንዋር አቆመ። ዝምታ ሆነ። ወደቅሁ። ጀማል ሊደርስ እየታገለ ከሕዝቡ ማለፍ አቃተው። መሬት ልነካ ስል ሁለት ጠንካራ ክንዶች ያዙኝ። እትዬ ከድጃ ናት። አማትየዋን ሆና፣ ቶቧን በጥርሷ ነክሳ፣ በዚያች ባረፈችው ሴት ድምፅ በአረብኛ ተናገረች። ጽሑፋችን ላይ የሌለ ቃል ነው፦ «እሱ ካልያዘሽ እኔ አለሁ፣ ልጄ።»

ከበሩ በኩል እንደ ሲቃ ያለ ድምፅ ሰማን። አሚ በሽር ነበር። ወንድሙ የተቀበረ ዕለት፣ ከድጃ ልጇን አቅፋ ግቢው መሃል ስትወድቅ፣ እናቱ ምራቷን አንስታ ያለቻት ይህንኑ ነው። በጆሮው የሰማው እሱ ነበር። ይህን እኔ ያወቅሁት ኋላ ነው፤ ያኔ ያየሁት አንድ ሰፊ ሰው ዱላውን በሩ ላይ ጥሎ በሕዝቡ መሃል ሲመጣ ብቻ ነው። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ወደ ሙሽራዋ የሚመጣ መስሎኝ ገርመሲሴን አስተካከልኩ። አለፈኝ። ጀማልንም አለፈው። ጥግ ላይ ኦርጋኑ ዘንድ ደርሶ ቆመና ቀኝ እጁን ከአንዋር ራስ በላይ አነሳ፣ ጣቱን አስጮኸ። «አብሽር!» አለ። «አብሽር፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ!»

ለኦርጋን ተጫዋች እንዲህ ሲደረግ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። አንዋርም አያውቅም፤ የት እንደሚያይ ጠፍቶት እጁ ኦርጋኑ ላይ ደርቆ ቀረ።

«አሚ» አለው ቀስ ብሎ። «ቁጭ ብለው አልሰሙኝም እኮ።»

አሚ በሽር እንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል፣ እጁን ግን አላወረደም።

«እኔም አልተቀመጥኩም» አለው። «በል፣ ከመጀመሪያው ጀምር።»